ቴንሱ ሰምቶ ይሆን?

ቴንሱ በሞተበት ቀን፣ በየዓመቱ፣ ሚስቱ የአያቶችን ጠረጴዛ አሰናድታ ስታበቃ ትሰድበዋለች።

መጀመሪያ ዶሮውን ከነጭንቅላቱ ታስቀምጣለች። ሩዙን፣ የተጠበሰውን ዓሣ፣ በሕይወቱ ሳለ ይወደው የነበረውን የለውዝ ጣፋጭ ታስከትላለች። በመንደሩ በሌላው ቤት ሁሉ ለሙታን ሦስት ስኒ የሩዝ አረቄ ይቀዳል። ለቴንሱ የሚቀዳለት ሻይ ነው።

«ጠጣ እንጂ» ትለዋለች ስሙ የተጻፈበትን ሰሌዳ እያየች። «ምን ያስኮርፍሃል? የአንተን ድርሻ አረቄ በአንድ ቀን ጨርሰኸው ሄደሃል። ሁለት ልጅ ጥለህብኝ።»

ከዚያ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉትን ሁለት እንጨቶች መሬት ላይ ትጥልና በልቶ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። አንዱ በሆዱ ሌላው በጀርባው ከወደቀ ጠግቧል ማለት ነው፤ ምግቡ ተነሥቶ ሕያዋኑ ወደ ማዕድ ይቀርባሉ። የቴንሱ እንጨቶች ቶሎ እሺ ብለው አያውቁም። ሦስቴም አራቴም ትጥላለች።

«የሰው ሆድ እየተሰደበ አይጠግብም» ይላል ልጇ ኩንሂ፣ ረኃቡ ሲጠናበት።

«ዝም በል አንተ። የሰካራም ጠበቃ።»

ኩንሂ ይስቃል። እህቱ ሱጁ ግን አትስቅም፤ ከታይፔ ቀኑን ሙሉ በባቡር ተጉዛ መጥታ፣ እጆቿን አጣምራ ከእናቷ ጀርባ ትቆማለች። በዩኒቨርሲቲው የሕክምና ፋኩልቲ የእባብ መርዝ የምታጠና፣ ስሟ በውጭ አገር መጽሔቶች የሚወጣ ሴት ናት። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን እናቷን «እማዬ፣ አባዬ እኮ ያን ቀን አልጠጣም ነበር» ለማለት የሚያስችል ጉልበት አጥታ ዓመታት አልፈዋል።

ቴንሱ በወጣትነቱ ይጠጣ እንደነበር ማንም አይክድም። ሱጁ ስትወለድ ግን ሚስቱ ሕፃኗን አዝላ፣ እሱን እጁን ይዛ ወደ ማዙ ቤተ መቅደስ ወሰደችው። እዚያ፣ ባሕርተኛውን ሁሉ በምትጠብቀው እናት ፊት ተንበርክኮ ማለ። «ከእንግዲህ ጠብታ ብቀምስ፣ በዚያው ቀን ውሰጂኝ» አለ። መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል። ሰባት ዓመት መሐላውን ጠበቀ።

ጃፓኖች ደሴቲቱን ለቅቀው በሄዱ ማግስት ነበር፣ የመሬት ጌታ የሚሉት አምላክ በዓል የሚከበርበት ቀን። ቴንሱ በማለዳ የጭቃ ዓሣ ወጥመዶቹን ሊያነሣ ወደ ሩዙ ማሳ ወረደ። ያ ዓሣ ረጅምና ሙልጭልጭ፣ አካሉ ከእባብ የማይለይ ነው፤ በቀርከሃ ቱቦ ውስጥ ይጠመዳል፣ ሰው እጁን አስገብቶ ይጎትተዋል። ሲመለስ ሱጁ ግቢው ውስጥ ነበረች። ቅርጫቱን አውርዶ ጣቱን በውኃ ሲያጥብ አየችው። ሁለት ነጥብ ነበረበት፤ ደም እንኳ በወጉ አልወጣውም።

«ምን ሆነህ ነው አባዬ?»

«ሸርጣን ቆነጠጠኝ።»

«አያምህም?»

«የሸርጣን ምን ያማል። የእናትሽ ምላስ ይብሳል» አለና ሳቀ።

ወደ በዓሉ ሄዶ ጠረጴዛ ተሸከመ፣ ከሚጠጡት መካከል ተቀመጠ፣ አንዱ እየተወዛወዘ ሲያልፍ ጽዋውን ሸሚዙ ላይ ደፋበት። እኩለ ቀን እንዳለፈ ወደ ቤቱ መጣ። እግሩ ይተሳሰር ነበር። የዐይኑ ቆብ ወርዶ ሊነሣለት አልቻለም። ሚስቱ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ቀርባ ሸሚዙን አሸተተች።

«ምለህ እኮ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። ቁጣዋ ከቀስታዋ በኋላ መጣ። «በእሷ ፊት። ይህችን ልጅ አዝዬ።»

ቴንሱ አፉን ከፈተ። «አል…» አለ። ምላሱ ከበደው። ደግሞ ሞከረ፤ ከአፉ የወጣው የሰካራም ሁሉ ድምፅ ነበር።

ሰሌኑን ማረሻ የሚቀመጥበት ጎጆ ውስጥ ጣለችለት። ልጆቹ እንዳይቀርቡት ከለከለች፤ እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ የሆዷን ሁሉ ነገረችው። ውሻ አለችው። አንተን ከማግባት ገደል መግባት ይሻለኝ ነበር አለችው። በማግስቱ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። የመንደሩ ሰው አልተገረመም። ማዙ ቃሏን ጠበቀች አሉ። ከዚያ ወዲያ ልጅ ሲጠጣ የተገኘ እንደሆነ «ቴንሱን አስታውስ» ይባል ጀመር፣ ሱጁ በአጠገባቸው ስታልፍም ድምፃቸውን አይቀንሱም።

ሱጁ እውነቱን ያገኘችው ከቤቷ ርቃ፣ በሃያዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ ላይ ነው። ትምህርት የሆነላት ዓይን አፋር ልጅ ነበረች። የመድኃኒት ጥናት ክፍል ረዳት ሆና ስትቀጠር ፕሮፌሰር ካንግ የሰጧት የመጀመሪያ ሥራ ወረቀት በጭስ ማጥቆር ነበር። የጠቆረው ወረቀት በሚዞር በርሜል ላይ ይጠመጠማል። ከአይጥ ደረት የወጣች ስስ የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ነርቯ እንደተንጠለጠለ፣ በሞቀ ጨው ውኃ ውስጥ ትታሰራለች። ነርቩ በኤሌክትሪክ ሲነካ ጡንቻዋ ትኮማተራለች፤ መርፌዋም በጥቁሩ ወረቀት ላይ ነጭ መሥመር ትጭራለች። ከዚያ መርዙ ይጨመራል።

መርዙ ሰው ባለ ዣንጥላ ከሚለው፣ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ካለው እባብ የተወሰደ ነበር። እባቦቹን የሚጠብቀው ጋሽ ቡን እንደ ሚስቶቹ ነበር ስለ እነሱ የሚያወራው። «ዛሬ እመቤት አኩርፋለች፣ አትንኳት» ይላል። «እሷ ስትነክስ አትሰማም። ሚስቴም እንደዚያው ናት፣ ከዓመት በኋላ ነው የሚገባህ።»

ሱጁ የመርፌዋን መሥመር ታያለች። መሥመሩ ቁመቱ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ይጋደማል። ነርቩን ቢነኩት መልስ የለም። ፕሮፌሰሩ ግን የኤሌክትሪኩን ጫፍ በቀጥታ የአይጧ ጡንቻ ላይ አሳረፉት፤ ጡንቻዋ ዘለለች።

«አልሞተችም» አሉ። «ጥሪው ነው ያልደረሳት። ነርቭ ይጠራል፣ ጡንቻው ላይ ደግሞ ጥሪውን የሚቀበል አለ፤ ተቀባይ እንበለው። መርዙ ሄዶ እዚያ ተቀባይ ላይ ይቀመጣል። አጥቢው።»

አጠበችው። ውኃውን ለውጣ ደጋግማ አጠበችው። መርዙ አልለቀቀም።

«ይህ እባብ ጨዋ ነው» ቀጠሉ ፕሮፌሰር ካንግ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው። «አያሳምም፣ አያሳብጥም። የተነደፈው ሰው ብዙ ጊዜ ምን እንደነካው አያውቅም። ሰዓታት ቆይቶ የዐይኑ ቆብ ይወርዳል። ቀጥሎ ምላሱ ይከብዳል፣ እግሩ ይተሳሰራል። በየገጠሩ ስንቱን ሰክረሃል ተኛ ብለውታል መሰላችሁ።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። የሱጁ እጅ ውኃው ውስጥ ቀረ።

«ፕሮፌሰር» አለች፤ በክፍሉ ውስጥ ድምፅዋ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። «ሰውየው… የሚሉትን ይሰማል?»

«መርዙ አንጎል አይገባም። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል። መመለስ ነው የሚያቅተው። ትንፋሽ እስኪቋረጥ ድረስ ማለት ነው። ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ ነው።»

በዚያ ዓመት ለሙት ቀኑ ስትሄድ ልትናገር ወስና ነበር። በባቡሩ መስኮት የሩዙን ማሳ እያየች ቃላቱን ደረደረቻቸው። እማዬ፣ ሸርጣን አልነበረም። እማዬ፣ መሐላውን አላፈረሰም። ቤት ደርሳ ከእናቷ ጀርባ ቆመች። እናቷ ሻዩን ቀድታ ስድቧን ጀመረች። ሱጁ ያንን ጀርባ አየችው። ያ ጀርባ ማሳውን ያረሰ፣ እሷንና ወንድሟን ያሳደገ ነው። ያን ጀርባ ቀጥ አድርጎ ያቆመውም ቁጣው ነው። እሱን ብትነጥቀው ምን ይይዘዋል? ሰካራም ባሏን የተቀየመች ሴት መሆኗ ይቀርና በሞት አፋፍ ላይ ያለ ባሏን በር ላይ ቆማ የሰደበች ሴት ትሆናለች።

ዝም ካለች ደግሞ አባቷ ባልሠራው እየተሰደበ ይኖራል። ከሁለቱ አንዱን መበደል ነበረባት። የሞተውን በደለች። ሆድ ይፍጀው ብላ እራቷን በልታ ተመለሰች፤ በቀጣዩም ዓመት እንዲሁ፣ በቀጣዩም።

ዕድሜዋ በመርዙ ላይ አለቀ። መርዙ የብዙ ነገር ድብልቅ ነውና ረጅም የመስታወት ቱቦ ውስጥ በታሸገ ዱቄት ላይ ጠብታ በጠብታ አውርዳ ትለየዋለች። ሌሊቱን የወረደውን ጠዋት ታነሣለች። ተቀባዩን አጥብቆ የሚይዘውን አንዱን ከሌላው ማጥራት ተካነችበት። በሌላ አገር ያሉ ሰዎች ያን መርዝ እንደ መንጠቆ ተጠቅመው ተቀባዩን ራሱን ከጡንቻ ውስጥ ጎትተው ማውጣት ቻሉ። ጡንቻቸው በየቀኑ የሚዝል፣ የዐይናቸው ቆብ የሚወርድ በሽተኞች ተቀባያቸው እንደተመናመነ የታወቀው በዚሁ መንጠቆ ነው። ብዙዎቹ ከሱጁ ብልቃጥ ይለምኑ ነበር። እሷም ትልክላቸዋለች። ንግግር እንድታደርግ ሲጋብዟት ግን ጉንፋን ይይዛታል።

አላገባችም። አንድ ሰው ጠይቋት ነበር፤ የኬሚስትሪ መምህር፣ ደግ ሰው። ከበዓል እራት ሲመለስ ፊቱ ቀልቶ፣ ምላሱ ተሳስሮ በሩ ላይ ቆሞ ሊያነጋግራት ሞከረ። ሱጁ የዐይኖቹን ቆብ በጣቷ ገልጣ አየች፣ እጆቹን አገላብጣ ፈተሸች፤ ምንም የለም፣ ጠጥቶ ነው። ሰውየው አዝኖ ሄደ፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረገች አልነገረችውም።

ከዚያ አንድ ክረምት የጎረቤታቸውን ምራት እባብ ነደፋት። ቹንሜ ትባላለች፤ ከማገዶው ክምር እንጨት ስታነሣ እጇን የሆነ ነገር ጫር አድርጓት ዝም ብላ ምሳ ሠራች። ማታ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ አለች። የሱጁ እናት ለለውዝ መፈልፈያ ወንፊት ልትዋስ ገብታ ነበርና ልጅቷን አየቻት፤ የወረደውን የዐይን ቆብ አየች፣ ምላሷ የተሳሰረውን ሰማች። አማቲቱ «ምን ጠጥተሽ ነው» ስትላት የሱጁ እናት ወንፊቱን ጣለችው። ኩንሂን ጠርታ በጭነት መኪናው ወደ ከተማ አስወሰደቻት። ሆስፒታሉ ባለ ዣንጥላ እንደነደፋት ለይቶ የመርዙን ማክሸፊያ ሰጣት፣ በመሣሪያም አስተነፈሳት።

ቹንሜ ድና ስትመለስ የመንደሩ ሴት ሁሉ ተሰበሰበ።

«ሁሉን እሰማ ነበር እኮ» አለች እየሳቀች። «ዐይኔን መግለጥ አቃተኝ እንጂ። ነርሷ ስለ ባሏ ስታማ ሰምቻለሁ። እትዬ አማቴም የስፌት መኪናዬ ለማን ይሁን ስትል ሰምቻለሁ።»

«ኧረ ውሸቷን ነው» አለች አማቲቱ።

«‹ለታናሿ ልጄ› አላልሽም?»

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የሱጁ እናት ተነሥታ ወጣች።

በዚያ ዓመት ሙት ቀን ጠረጴዛውን ደርድራ ዝም አለች። ሱጁና ኩንሂ ስድቡን ጠበቁ። አልመጣም።

«እማዬ፣ አሞሻል?» አለ ኩንሂ።

«እንጨቶቹን አንተ ጣል» አለችውና ወደ ግቢ ወጣች።

ሱጁ ተከተለቻት። እናቷ ዝቅተኛዋ ዱካ ላይ ተቀምጣ ለውዝ ትፈለፍል ነበር። ሱጁም አጠገቧ ተቀምጣ እፍኝ አነሣች።

«አጁ» አለች እናቷ፣ በልጅነት ስሟ። «አባትሽን የነካው ምንድነው?»

ሱጁ መልስ ከመስጠቷ በፊት አንድ ለውዝ ፈለፈለች። «ባለ ዣንጥላ ነው እማዬ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ረዳት ሆኜ ስገባ።»

«ያኔ ኩንሂ ገና አላገባም ነበር» አለች እናቷ። «ዛሬ ልጁ ጢም አብቅሏል።» እጇ ቅርፊቱ ላይ ቆመ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ከኋላዬ ቆመሽ ስሰድበው ትሰሚኝ ነበር?»

«እንዳይከብድሽ ብዬ ነው።»

«ከበደኝ አልሁሽ? ይከብደኝ አይከብደኝ አንቺ ነሽ የምታውቂው? ባሌ ነው። ባውቅ ኖሮ ያኔውኑ እግሩ ሥር ወድቄ ይቅር በለኝ እለው ነበር። በስንት ዓመት ስድብ ላይ ነው አሁን ይቅርታ የምለምነው?»

ሱጁ ይህን አስባው አታውቅም። ሁሉን አስባ፣ ይህን ብቻ አላሰበችም። አንገቷን ደፋች። እናቷ አላባበለቻትም፤ ቆይታ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«እንደዚያች ልጅ፣ እሱም ሰምቶኛል?»

«ሰምቶሻል እማዬ።»

«ውሻ ያልሁትን።»

«አዎ።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ዕዳዋን እንደተቀበለ ሰው። ከዚያ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገረቻት። «መብራት ሳይበራ ተመልሼ ሄጄ ነበር። አንጀቴ አልቻለም። የዶሮውን እግር አስቀርቼለት ነበርና በሳህን ይዤ ገባሁ። ቴንሱ ተነሥ አልሁት። ይበቃል፣ ታርቀናል፣ ሳይቀዘቅዝ ብላ አልሁት። ዐይኑን አልገለጠም። አኩርፏል ብዬ ሳህኑን ራስጌው ትቼለት ወጣሁ።» ወደ ሱጁ ዞረች። «ያን ጊዜስ? ያን ጊዜ ይሰማ ነበር?»

ሱጁ ወደ ኋላ ቆጠረች፤ ከማለዳው፣ ከእኩለ ቀኑ፣ ከወረደው የዐይን ቆብ። ምን ያህል መርዝ እንደገባው ማን ያውቃል።

«ደረቱ ይንቀሳቀስ ነበር?»

«አላየሁም። ፊቱን ነው ያየሁት።»

«ሰውነቱስ?»

«እጁ ሞቃት ነበር።»

የሰው እጅ ትንፋሹ ከተቋረጠም በኋላ ይሞቃል። አዎ ብትል እናቷ በምን ታውቃለች? ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ስለ እናቷ አንድ ጊዜ መርጣላት ነበር፤ ምርጫዋ ምን እንዳተረፈ አሁን ከፊቷ ተቀምጧል።

«አላውቅም እማዬ።»

«ዕድሜሽን ሙሉ ተምረሽ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ተምሬ።»

ሱጁ ወደ ታይፔ ከተመለሰች በኋላ ሥራዋን ያዩ ሁሉ ግራ ተጋቡ። ያቺ ከመስታወት ቱቦዋ የማትለይ ሴት በባቡር ከሆስፒታል ሆስፒታል መዞር ጀመረች። ባለ ዣንጥላ ነድፏቸው የዳኑትን ትፈልጋለች። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ እያፈረች፣ በመጨረሻ የሰሙት ምን እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች። አንዱ ዝናብ ይላል። አንዱ ሚስቱ ስትጸልይ። አንድ ሽማግሌ ልጆቹ ስለ መሬቱ ሲጣሉ ሰምቶ «ብድን ነው የሚሻለው ብዬ ቆረጥሁ» አላት። በየሙት ቀኑ የሰበሰበችውን ለእናቷ ታመጣላታለች።

«ዘንድሮስ?» ትላለች እናቷ።

«አንዲት ሴት አለች። በረት ውስጥ ላሟ ስትጮኽ ሰምታለች።»

«ትንፋሿ ነበረ?»

«በመሣሪያ ነበር።»

«ሁሉም በመሣሪያ ነው» ትላለች እናቷ። ሱጁም ይህን ታውቃለች። የሰሙትን የሚነግሯት ሌላ ሰው የተነፈሰላቸው ናቸው። ያልተነፈሰላቸውን የሚጠይቃቸው የለም።

እናቷ ደም አንጎሏ ውስጥ ፈስሶ የወደቀችው በለውዝ አዝመራ ነው። ኩንሂ ስልክ ደውሎ ሱጁ ስትደርስ ወደ ትልቁ ክፍል አምጥተው፣ ለሚሞት ሰው እንደ ወጉ፣ በአያቶች ጠረጴዛ ፊት አስተኝተዋታል። ዐይኖቿ ተከድነዋል። ደረቷ ግን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሱጁ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። አጠገቧ ተንበርክካ ማውራት ጀመረች። የተናገረችው ትልቅ ነገር አልነበረም። በመንገድ ያየችውን ነገረቻት፣ ለውዙ ዘንድሮ ፍሬው ትልቅ መሆኑን፣ የቹንሜ ልጅ ትምህርት ቤት መግባቱን። ይቅር በይኝ አለቻት። ከዚያ ደግሞ ስለ ለውዙ ቀጠለች።

የኩንሂ ሚስት ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋን ነካች።

«እትዬ፣ ትንሽ እረፊ። አትሰማሽም እኮ። ሐኪሙ ነግሮናል።»

ሱጁ ቀና ብላ አየቻት። የእናቷን እጅ እንደያዘች ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች።